ለአሮጌዋ ኤምጂ ሞተር ስመርጥ የከፈልኩት ዋጋ

መኪናዋ ኤምጂቢ ጂቲ የምትባል የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ናት፤ የ1973 ስሪት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስገዛት አረንጓዴ ነበረች፣ ዛሬም አረንጓዴ ናት። በመሃል ግን ስምንት ወር ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ቆማ የአቧራ ቀለም ይዛ ነበር። ይህን የምጽፈው በእነዚያ ስምንት ወራት ከኪሴ የከፈልኩበትን ትምህርት ሌላው በነጻ እንዲያገኘው ብዬ ነው። የእናንተ መኪና ኤምጂ ባትሆንም፣ እንደ ትራያምፍ ወይም ኦስቲን ሂሊ ያለች ሌላ አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ብትሆንም፣ ጣጣው ብዙም አይለይም።

የምኖረው ኦክስፎርድ ነው። እነዚህ መኪኖች የተሠሩባት አቢንግደን እዚሁ አጠገባችን ናት። ፋብሪካው በ1980 ተዘግቷል። ከ1962 ጀምሮ እስከዚያች ዓመት ግን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ኤምጂቢ ተሠርቷል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ መኪና ማለት ብዙ ዕቃ፣ ብዙ አሮጌ ሞተር፣ ብዙ አዋቂ፣ ብዙ አዋቂ ነኝ ባይም ማለት ነው።

የመጀመሪያው ስህተቴ ከሞተር ምርጫው በፊት የተሠራ ነው። ዘይት የምቀይርበት ጊዜ ደርሶ ሱፐርማርኬት ገባሁ። ለቤት መኪናችን የምገዛውን ቀጭን ዘይት አንስቼ ለኤምጂዋም ሞላሁላት። ዘይት ዘይት ነው ብዬ። እነዚህ አሮጌ ሞተሮች የሚፈልጉት ግን ሃያ-ሃምሳ የሚባለውን ወፍራም ዘይት ነው። ከዚያ በኋላ የዘይት ግፊት መለኪያው መርፌ ዝቅ ዝቅ ማለት ጀመረ። ሞተሩ ሞቆ መንገድ ላይ ሲሮጥ መርፌው ከ50 እስከ 80 ፒኤስአይ መሃል መቆም አለበት። የእኔ 30 ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ ደግሞ ጥፋቱን በመለኪያው አሳበብኩ። ሃምሳ ዓመት የሞላው መለኪያ ምን ይታመናል?

አንድ እሁድ ከለንደን ስመለስ ኤም40 አውራ ጎዳና ላይ ከኮፈኑ ሥር ኳኳታ ተነሣ። ነዳጅ ስሰጣት ይፈጥናል፣ ስለቅላት ይዘገያል። ቤቴ ለመድረስ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር የቀረኝ። ቀስ ብዬ ብነዳ ትደርሳለች ብዬ ነዳሁ። እውነትም ደረሰች። በኋላ ሞተሩ ሲከፈት እንዳየሁት፣ ከጉዳቱ አብዛኛው የደረሰው በዚያች ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው። መርፌው ወርዶ ኳኳታ ከሰማችሁ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። ጎታች ጥሩ። ምሽቱ ቢበላሽባችሁም ግድ የለም።

በማግስቱ «ሞተሩ ሞቷል» ብዬ ለባለቤቴ አወጅኩ። ሳልከፍተው፣ ሳልለካው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ሥራዬ ሌላ ሞተር መፈለግ ሆነ። አሁን ሳስበው፣ አሮጌው ሞተር መሞቱ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር ማለት ይቻላል። ሰበብ አገኘሁ። ምክንያቱም በልቤ ያለው ቪ8፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ነበር።

ስለ ቪ8 ትንሽ ላውራ፣ ይህን ሕልም የሚያልም ብዙ ነውና። የኤምጂቢ የራሷ ሞተር 1798 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ ወፍራም ብረት ነው። ቢ ሲሪስ ይሉታል። ጉልበቱ በጥሩ ቀኑ 95 ፈረስ ገደማ ነው። ኬን ኮስቴሎ የሚባል እንግሊዛዊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሮቨርን 3.5 ሊትር ቪ8 ኤምጂቢ ውስጥ እየከተተ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ ፋብሪካው ራሱ ከ1973 እስከ 1976 ድረስ 2,591 ኤምጂቢ ጂቲ ቪ8 ሠራ። ጉልበቱ 137 ፈረስ። ደስ የሚለው ነገር ደግሞ ያ ቪ8 አሉሚኒየም ስለሆነ ከአራት ሲሊንደሩ ብረት አይከብድም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከእሱ በፊት ኤምጂሲ የምትባል ነበረች፣ ከ1967 እስከ 1969 የተሠራች። ወደ ሦስት ሊትር የሚጠጋ ከባድ ስድስት ሲሊንደር ሰጧት። አፍንጫዋ ላይ ወደ 95 ኪሎ ተጨመረባት። ያኔ የሞከሯት ጋዜጠኞች መሪዋ ከባድ፣ ኩርባ ላይ እንቢተኛ ናት ብለው ጻፉባት። ለስፖርት መኪና ሞተር ስታስቡ ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ኪሎውን ጠይቁ የምለው ለዚህ ነው።

እኔ ኪሎውን ጠይቄያለሁ። ሌላውን ነው ያልጠየቅኩት። ከአሮጌ ሬንጅ ሮቨር የወጣ ቪ8 በ450 ፓውንድ አገኘሁና ዓይኔን ሳላሽ ገዛሁት። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚሉት እኔን ነው።

ጋሼ የመጡት ያን ጊዜ ነው። ጋሼ ስል የሥጋ ዘመዴ አይደሉም፤ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ አዲስ አበባ ሳሉ በሴይቼንቶ ታክሲ ዘመን መካኒክ የነበሩ ሰው ናቸው። እዚህ ከመጡ ጀምሮ ታክሲ ነድተው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። የእንግሊዝ መኪና በጣሊያንኛ ቃል ሲጠግኑ ማየት ራሱን የቻለ ደስታ ነው። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ)፣ ፍሪሲዮን (ክላቹ)፣ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ)፣ ካንዴላ (እሳት የሚሰጠው)። እንግሊዛዊው ጎረቤቴ አጥር ላይ ተደግፎ ጣሊያናዊ መካኒክ የቀጠርኩ መስሎት ነበር።

ጋሼ ቪ8ቱን ዞር ዞር ብለው አዩት። ከዚያ መኪናዋን አዩ። ከዚያ እኔን።

«ልጄ፣ ሞተሩን ገዛህ። ካምቢዮውስ?»

«የራሷ አለ አይደል፣ ጋሼ?»

«ይኼን ጉልበት ይችለዋል?»

መልስ አልነበረኝም። በኋላ ሳነብ ፋብሪካው ራሱ በዚህ እንደተቸገረ አየሁ። ካምቢዮው የቪ8ቱን ጉልበት እንዳይሸከም ፈርተው ኦቨርድራይቩ፣ ማለትም ሞተሩ በትንሽ ዙር እንዲፈጥን የሚያደርገው ተጨማሪ ማርሽ፣ በአራተኛ ማርሽ ላይ ብቻ እንዲሠራ አድርገውት ነበር። ጋሼ ጥያቄያቸውን ቀጠሉ። ዲፈረንሻሉስ? የእኔ ሬሾው 3.9 ነው፣ የፋብሪካው ቪ8 ግን 3.07 ነበር፤ በእኔው ዲፈረንሻል ቢሄድ ሞተሩ ያለ ነገር እየጮኸ ነዳጅ ይጨርሳል። ፍሬኑስ? ፋብሪካው ወፍራም ዲስክ ነው የሰጠው። ራዲያተሩስ? ወደ ፊት መገፋት አለበት። ኮፈኑስ ይዘጋል? የሬንጅ ሮቨሩ የካርቡራቶር መቀመጫ ቁመቱ ረጅም ነው፤ ፋብሪካው ካርቡራቶሮቹን ወደ ኋላ ወስዶ በልዩ መቀመጫ ነው ያስቀመጣቸው። ማርሚታውስ፣ የጭስ ማውጫው፣ በየት በኩል ይወርዳል?

ማታ ወረቀት ይዤ ደመርኩ። ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ፣ ማገናኛው፣ ዲፈረንሻል፣ ፍሬን፣ ራዲያተር፣ የጭስ ማውጫ፣ ሽቦ፣ የእጅ ዋጋ። የ450 ፓውንዱ ሞተር መኪናዋን ከገዛሁበት ዋጋ በላይ ጠራ። ቪ8ቱን ከሁለት ወር በኋላ በ250 ሸጥኩት። ገዢው እንደኔው ዓይኑ የበራ ልጅ ነበር። ካምቢዮውስ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀና ሄደ።

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱብኝ። ቪ8 ማስገባት መጥፎ አይደለም። ግሩም የሆኑ አሉ፤ አንዷን ነድቻለሁ፣ ድምፁ ብቻ ያስለቅሳል። ነገር ግን ከሁለት መንገድ አንዱን ያዙ። ወይ ሁሉም ነገር ያለቀለትን፣ ሌላ ሰው የጨረሰውን መኪና ግዙ። ወይ ሙሉ ዝርዝሩን ጽፋችሁ፣ የእያንዳንዱን ዋጋ ጠይቃችሁ፣ ድምሩን በአንድ ተኩል አባዙትና ከዚያ በኋላ ሞተሩን ግዙ። ሞተሩ የሚገዛው መጨረሻ ላይ ነው። ሌላ አንድ ነገር፦ ከ1974 መጨረሻ ወዲህ የመጡት ጥቁር የጎማ መከላከያ ያላቸው ኤምጂቢዎች የሞተር ቤታቸው ለቪ8 ይመቻል፤ የእኔ ዓይነቷ ባለ ኒኬሏ ግን መቆረጥ መቀጥቀጥ ይፈልጋል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የዚያው ሮቨር ሞተር አባት የሆነውን የቡዊክ 215 ወይም የጀነራል ሞተርስ 3.4 ሊትር ቪ6 የሚያስገቡ ብዙ ሰዎች ታገኛላችሁ። እነሱን ሳታማክሩ ብር አታውጡ። ካሊፎርኒያ ከሆናችሁ ከ1976 ሞዴል ጀምሮ ያለች መኪና የጭስ ምርመራ እንዳለባት አትርሱ። ሞተር ቀይራችሁ ፈተናውን ካላለፈች ጌጥ ሆና መቅረቷ ነው።

ቀጥሎ ያሰብኩት ዘመናዊ ሞተር ነበር። የማዝዳ ኤምኤክስ-5 ሞተር ከነካምቢዮው። በርካሽ ይገኛል፣ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሣል፣ ዘይት አያንጠባጥብም። እዚህ ላይ ብዙ አልቆየሁም። ያስቆመኝ ወረቀቱ ነው።

እንግሊዝ አገር አንድ መኪና 40 ዓመት ሲሞላት ታሪካዊ ተብላ ትመዘገባለች። የመንገድ ግብር የለባትም። ከ2018 ወዲህ ዓመታዊውን የኤምኦቲ ምርመራ እንድታልፍ አትገደድም። ለንደን ሲገቡ የሚከፈለው የአየር ብክለት ክፍያም አይመለከታትም። ለንደን ቤተ ክርስቲያን ለምንመላለስ ሰዎች ይህ የዋዛ አይደለም። ነገር ግን መኪናዋ ባለፉት 30 ዓመታት ውስጥ ትልቅ ለውጥ ከተደረገባት የኤምኦቲው ነጻነት ሊቀር ይችላል። ያው ዓይነት ሞተር ከሆነ፣ ሲሲው ቢለያይም እንደ ትልቅ ለውጥ አይቆጠርም። ፋብሪካው በጊዜው ይሰጠው የነበረ አማራጭ ሞተርም እንደዚያው። የሲሊንደሩ ብዛት ከተለየ፣ ወይም ሞተሩ ጨርሶ የሌላ ከሆነ ግን ጥያቄ ይነሣል። መልስ የሚሰጠው ደግሞ ባለቤቱ ነው። የማዝዳ ሞተር ካስገባሁ ያንን ክርክር እኔ ልሸከመው ነው። በተጨማሪም የሞተሩ ቁጥር ሲቀየር መኪና ለሚመዘግበው መሥሪያ ቤት፣ ለዲቪኤልኤ፣ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ለኢንሹራንስም መንገር አለባችሁ። ኢንሹራንሱን ያልነገረ ሰው አደጋ በደረሰበት ቀን ኢንሹራንስ ላይኖረው ይችላል።

በየቀኑ ወደ ሥራ የምትነዷት መኪና ከሆነች፣ ዘመናዊው ሞተር ትክክለኛ ምርጫ ሊሆን ይችላል። የእኔ ግን የእሁድ መኪና ናት። እሁድ ደግሞ ካርቡራቶር መነካካት ከደስታዬ አንዱ ነው።

ስለዚህ ወደ ራሷ ዓይነት ሞተር ተመለስኩ። ያገለገለ ቢ ሲሪስ። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛውን የኪስ ጉዳት ያደረስኩት።

ማስታወቂያው «የኤምጂቢ ሞተር፣ ሲወጣ ይሠራ ነበር» ይላል። «ሲወጣ ይሠራ ነበር» የሚለውን ቃል የሰማ ሁሉ እጁን ኪሱ ውስጥ ያስገባና ብሩን አጥብቆ ይያዝ። የዌልስ ድንበር ድረስ ነዳሁ። ሻጩ ሻይ ሰጠኝ፣ ብስኩት ሰጠኝ፣ ስለ ልጆቹ አወራኝ። ሞተሩ ንጹሕ ነው፣ ቀለም ተቀብቷል። 350 ፓውንድ ከፍዬ ጭኜ መጣሁ። አንድ ነገር ብቻ አላየሁም፤ በሞተሩ ቀኝ ጎን በሪቬት የተያዘችውን፣ የሞተሩ ቁጥር የተጻፈባትን ትንሽ የብረት ሳህን።

ጋሼ መነጽራቸውን አጥልቀው ቀጥታ ወደዚያች ሳህን ነው የሄዱት።

«18ቪ ይላል። ደህና። መጨረሻው ላይ ምን ፊደል ነው ያለው? እኔ እንግሊዝኛው አይታየኝም።»

«ኤል።»

«ያንተስ?»

ሄጄ አየሁ። ኤች።

ኤች ማለት ከፍተኛ መጭመቂያ ነው፣ ወደ 9 ለ 1፤ ፒስተኑ የነዳጁንና የአየሩን ድብልቅ ምን ያህል እንደሚጨምቀው ማለት ነው። ኤል ማለት ዝቅተኛ ነው፣ 8 ለ 1። ከአሜሪካ ተመልሳ የመጣች መኪና ሞተር ነበር የገዛሁት። በዚያን ዘመን አሜሪካ የጭስ ሕግ ስላጠበቀች ወደዚያ የሚላኩት ሞተሮች ተዳክመው ነበር የሚሄዱት። ከ1975 በኋላማ በአንድ ካርቡራቶር 62.5 የፈረስ ጉልበት ላይ ወርደው ነበር። መኪናዋን ከ95 ወደዚያ ማውረድ ለእኔ ሞተር መቀየር ሳይሆን ቅጣት ነበር።

ያገለገለ ቢ ሲሪስ የምትገዙ ከሆነ ሳህኗን ከማየታችሁ በፊት ሻይ አትጠጡ። 18ጂ እና 18ጂኤ የሚሉት እስከ 1964 የተሠሩት ናቸው፤ ክራንካቸው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) በሦስት ዋና ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት መሸከሚያ) ላይ ነው የተቀመጠው። ከ18ጂቢ ወዲህ አምስት ሆነ። ባለ አምስቱ ይሻላል፤ ከታች ያለው አካሉ በቀላሉ የሚረታ አይደለም። ነገር ግን ከካምቢዮው ጋር የሚገጥሙት ከኋላ ያለው ጠፍጣፋ ብረትና ፍላይዊል የሚባለው ከባድ ክብ ብረት እንደየዘመኑ ይለያያሉ። በ1967 ካምቢዮው ሲቀየር ደግሞ እንደገና ተለወጡ። ስለዚህ ሞተር ስትገዙ እነዚህን አብረው መኖራቸውን እዩ፤ ከሌሉም የእናንተው ይገጥም እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሌላው ወጥመድ ሞሪስ ማሪና የምትባለው መኪና ናት። የማሪና 1.8 ሞተር ያው 1798 ሲሲ ቢ ሲሪስ ነው፣ ቁጥሩም በ18ቪ ይጀምራል። ግን የተሠራው ለቤተሰብ መኪና ስለሆነ እንደ ኤምጂው አልተሳለም። «የኤምጂቢ» ተብሎ ሲሸጥ አይቻለሁ። ሳህኗ በሪቬት ስለተያዘች ተነቅላ ሌላ ሞተር ላይ ልትለጠፍ እንደምትችልም አስቡ።

ከዚያ ሌላ መፍቻ ይዛችሁ ሂዱና ክራንኩን በእጃችሁ አዙሩት። ሙሉ ዙር መዞር አለበት። የዘይት መሙያውን ክፈቱና ውስጡን በባትሪ እዩ፤ እንደ ማዮኔዝ ያለ ነጭ ነገር ካለ ውሃ ገብቶበታል። በጎኑ ያሉትን ክብ የብረት መክደኛዎች እዩ፤ ከቤታቸው ከተገፉ ሞተሩ ውስጥ ውሃ በክረምት በረዶ ሠርቷል፤ ብረቱም አብሮ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ቀለም የተቀባ ሞተር ደግሞ ከቆሸሸው የበለጠ ያስፈራኝ ጀምሯል።

ባለቤቴ ያን ሰሞን ጋራዥ ገብታ ቆመች። አንድ ሞተር መኪናዋ ውስጥ፣ አንድ መሬት ላይ፣ የአንዱ ደግሞ የዘይት እድፍ ቀርቷል።

«መኪናዋ አንድ አይደለችም እንዴ?» አለችኝ።

ነገሩ የተለወጠው ጋሼ አንድ ቅዳሜ የመጭመቂያ መለኪያ ይዘው ሲመጡ ነው። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲጠብቁ የነበረው እኔ እንድጠይቃቸው ነው። «የሞተውን ሞተር ማን መረመረው?» አሉኝ። ማንም።

አራቱንም ካንዴላ አወጣን። ካርቡራቶሩን ከፍተን ያዝን። ሞተሩን በሞተሪኖ (በማስነሻው) ብቻ፣ በአጭር በአጭሩ አዞርነው። 150፣ 150፣ 145፣ 150 ፒኤስአይ። አራቱም ተቀራራቢ። ጋሼ ሳቁ። ይህ ማለት ፒስተኖቹ፣ ፋሻዎቹ (የፒስተን ቀለበቶቹ)፣ ባልቮላዎቹ (ቫልቮቹ)፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ሁሉ ደህና ናቸው። የሞተው ከታች ነው። ግማሹ ጤነኛ ለሆነ ሞተር ነበር እኔ አምስት ወር ለቅሶ የተቀመጥኩት።

ይህ መለኪያ ውድ አይደለም። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ከጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ብቻ ዝቅ ካሉ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በመሃላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ነው። አንዱ ብቻ ዝቅ ካለ ትንሽ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ አፍስሱና ድገሙት፤ ከፍ ካለ ፋሻው ነው፣ ካልተለወጠ ባልቮላው ነው። ይህን ሳትለኩ ስለ ሌላ ሞተር አታስቡ።

ሞተሩን ከነካምቢዮው አወረድነው። ብቻውን ከማውጣት ከነካምቢዮው ማውጣት ይቀላል፤ መልሶ ሲገባ ደግሞ ካምቢዮውን መሬት ላይ ተኝቶ ከመግጠም ያድናል። ከሥር ስንከፍተው የሦስተኛው ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ክንድ) ኩሽኔታ አልቆ መዳቡ ወጥቷል፤ ክራንኩን በጥልቁ ፍቆታል። ክራንኩን ቶርኖ ቤት ወሰድነው። እዚያ ሌላ ዜና ጠበቀን። ከእኔ በፊት የነበረ ባለቤት ክራንኩን እስከ 0.040 ኢንች አስሞርዶታል። ከዚያ በታች የሚሆን ኩሽኔታ በመደበኛው አይሠራም። ክራንኩ አበቃለት።

ዝም ብለን ቆምን። ከዚያ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ መሬት ላይ የተቀመጠውን የኤሉን ሞተር አየን።

የኤሉ ፒስተን ነው ዝቅተኛ የሚያደርገው እንጂ ክራንኩ ያው ነው። ፈታነው። ክራንኩ ተሞርዶ አያውቅም። 0.010 ኢንች ብቻ ተሞረደና እንደ አዲስ ሆነ። በእኔ ብሎክ፣ በእኔ ፒስተን፣ በኤሉ ክራንክ፣ በአዲስ ኩሽኔታና በአዲስ ፋሻ ሞተሩ ተሠራ። ቴስታታው ላይ የጭስ ባልቮላዎቹ መቀመጫ በጠንካራ ብረት ተተካ፤ የድሮው ለእርሳስ ቤንዚን የተሠራ ነው፣ እርሳሱ ደግሞ እዚህ አገር ከ2000 ወዲህ ከማደያ ጠፍቷል። የነዳጅ ቱቦዎቹም ተቀየሩ፤ የዛሬው ቤንዚን ኤታኖል ስላለበት የድሮውን ጎማ ይበላዋል። ብሎኩ የራሷ ስለሆነ ቁጥሩ አልተቀየረም። ለዲቪኤልኤ የምጽፈው ነገር የለም። የቶርኖ ቤቱና የዕቃው ወጪ ተደምሮ 1,900 ፓውንድ ገደማ ሆነ። የጋሼ የእጅ ዋጋ አንድ በግ ነበር፤ ለፋሲካ።

ሲገጠም የተማርኩትን ሦስት አራት ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ኩሽኔታ ያለቀበት ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣው ውስጥ የብረት ብናኝ ይቀራል። እኔ አሮጌውን አጥቤ ልመልሰው ነበር። ጋሼ እጄን መቱኝ። አዲስ ግዙ፣ ከነቱቦው። ያ ብናኝ አዲሱን ኩሽኔታ በመጀመሪያው ሳምንት ይበላዋል።

የዘይት ፓምፑ ባዶውን ከተነሣ ዘይት ለመሳብ ይቸገራል። ውስጡን ቫዝሊን ሞላነው፣ ካንዴላዎቹን አውጥተን መርፌው እስኪነሣ ድረስ በሞተሪኖ አዞርነው። ከዚያ በኋላ ነው እሳት የሰጠነው። ባልቮላዎቹን የሚከፍቱት ካምሻፍትና ታፔት አዲስ ከሆኑ ደግሞ በመጀመሪያው ጅማሬ ለሃያ ደቂቃ ያህል በደቂቃ ከ2000 እስከ 2500 ዙር ላይ ይዛችሁ አቆዩት። በዝቅተኛ ዙር አታስጨንቁት። ጎረቤት ካላችሁ አስቀድማችሁ ይቅርታ ጠይቁ።

ሞተሩ ወጥቶ ሳለ ፍሪሲዮኑን ቀይሩ፣ ደህና ቢመስልም። የኤምጂቢ ፍሪሲዮን መግፊያ እንደ አዲሶቹ መኪኖች የሚሽከረከር ኩሽኔታ ሳይሆን የካርቦን ቀለበት ነው። መብራት ላይ ማርሽ አስገብታችሁ ፔዳሉን ረግጣችሁ አትቁሙ፤ ያልቃል። ማርሹን ነጻ አድርጉት።

ከሁሉ ያሳቀኝ ግን የመጨረሻው ነው። ቪ8 የፈለግኩበት ምክንያት ሌላ ቢሆንም ለባለቤቴ የነገርኳት «አውራ ጎዳና ላይ ትጮሃለች፣ አቅም የላትም» ብዬ ነበር። መኪናዋ ኦቨርድራይቭ አላት፤ ስገዛት ጀምሮ አይሠራም ነበርና ረስቼዋለሁ። ካምቢዮው ወጥቶ ሳለ ስናየው የተበላሸው ሽቦው ነው። አንድ የላላ ማያያዣ። አራተኛ ማርሽ ላይ በሰዓት 70 ማይል ስትሄድ ወደ 3900 ዙር የነበረው ሞተር፣ ኦቨርድራይቩ ሲገባ ወደ 3200 ወረደ። ጩኸቱ ጠፋ። ከባለቤቴ ጋር ማውራት ጀመርን። ሞተር ከመቀየራችሁ በፊት ከመኪናችሁ የምትፈልጉትን ነገር አንድ ወረቀት ላይ ጻፉትና፣ ያንን የሚከለክላችሁ እውነት ሞተሩ መሆኑን ጠይቁ። የእኔ የሽቦ ጉዳይ ነበር።

አሁን ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። መርፌው ስትሮጥ 60 ላይ ይቆማል። ጋሼ መኪናዋ ውስጥ ሲገቡ ቀበቶ ከማሰራቸው በፊት የሚያዩት እሱን ነው። ወፍራሙን ዘይት በካርቶን ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ የቤት መኪናችን ዘይት ደግሞ ሌላ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ባለቤቴ ዘንድ።

የኤሉ ብሎክ ከነፒስተኖቹ አሁንም ጋራዡ ጥግ አለ። የአበባ ማሰሮ ተቀምጦበታል። የሚፈልግ ሰው ካለ መጥቶ ይውሰደው፣ ገንዘብ አልጠይቅም። ሻይም እሰጣለሁ። ሳህኗን ግን አስቀድሜ አሳያለሁ።